ተሹ ይግባ!

ተሻለች ዘገዬ ስድሳን ከተሻገረች ቆይታለች። ሌላ ከተማ ብትኖር ኖሮ «አንቱ» ትባል ነበር፤ ሰውም ከወንበሩ ይነሣላት ነበር። ድሬ ግን ለቄሱም ለሼኩም ለከንቲባውም «አንተ» ብላ የኖረች ከተማ ናት፤ እኛም በተሻለች አዲስ ልማድ አንጀምርም። ደግሞም ይህች ሴትዮ በወጣትነቷ ምን ስትሠራ እንደነበር ስትሰሙ «አንቱ» ማለቱ ራሱ ያስቃችኋል።

ነገሩ የተነሣው ገንደ ቆሬ በተደገሰ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ የተሻለች ተከራይ የሀዊ የሥራ ባልደረባ ናት። ሀዊ «አቦ እማማ፣ ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ ነይ ሩዝ እንብላ!» ብላ ጎትታ ወሰደቻት። ተሻለች ከዳሱ ጥግ፣ የቬንቲሌተሩ ንፋስ የሚደርስበትን ቦታ መርጣ ተቀመጠች። ድሬ ተወልዶ ይህን ቦታ መምረጥ የማያውቅ የለም።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ድንገት እጁን አነሣ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም አለ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ተሹ ይግባ!»

የተሻለች እጅ ሩዙ ላይ ቀረ።

ሦስት ልጆች ባዶ ጀሪካን ታቅፈው በመዳፋቸው ይመቱት ጀመር። አንዱ መዳፍ ሲጎትት ሌላው በጥፊ ይከተለዋል፤ ተካ-ተክ፣ ተካ-ተክ፣ የድሮው ባቡር ኤረር ቶሎ ለመድረስ ሲጣደፍ እንደሚሰማው ያለ ነው። ሽማግሌው ትከሻውን ሰበቀ፤ ሕፃኑ ዘለለ፤ ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ገባችበት። ተሻለች የገዛ ጣቶቿን አየቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ሆነው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ያንኑ ይመታሉ።

«ተሹ ማነው?» አለች ወደ ሀዊ ጆሮ ተጠግታ።

«ሰው አይደለም እማማ!» ሀዊ ሳቀች። «ምት ነው። እንዲህ ተጣድፎ ሲመታ ተሹ ነው የሚባለው። ተሹ ያልገባበት ሠርግ ምኑን ሠርግ ሆነ!»

«የምን ቋንቋ ነው?»

«የሱማሌ መሰለኝ።»

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሱማሌ ሴት ሰምታ «ኖ፣ የኛ አይደለም፣ የአደሬ ነው» አለች። አጠገቧ ያለው አደሬ ደግሞ እጁን አወናጭፎ «ፈረንሳይኛ ነው፤ የባቡር ሰዎች ናቸው ያመጡት» ብሎ ዘጋው። ክርክሩ በዚሁ አለቀ፤ ድሬ ውስጥ ባለቤት ያልተገኘለት ነገር ሁሉ የፈረንሳይ ነው።

ተሻለች እኔ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ተሹ ማለት እሷ ናት። ስሟ ከእሷ ተለይቶ ወጥቶ፣ ከተማውን ሲዞር ኖሮ፣ ሠርግ ሲያሞቅ ከርሞ፣ ዛሬ ሩዝ ስትበላ ድንገት ከፊቷ ቆመ። ዐይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ «ይግባ» ነው ያሉት። ወንድ አድርገዋታል!

አሁን ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የተሻለችን አባት ስም ሲያወጣ ግን መልአኩ እንቅልፍ ይዞት መሆን አለበት። ዘገዬ ተብሎ፣ በሥራ ዘመኑ አንድም ቀን ያልዘገየ የምድር ባቡር አናጢ ነበር። ከመንዝ ወርዶ ድሬ የቀረ፣ ቁጡ፣ የተሰበረ እንጨት አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው። ፈረንሳዮቹ አገር ለቀው ሲሄዱ ክበባቸው ጓዳ ውስጥ አንገቱ የተሰበረ ኮንትራባስ ትተው ነበር፤ ሰው የሚያህል፣ ቆሞ የሚታቀፍ፣ ባለ አራት ክር ትልቅ ቫዮሊን በሉት። ዘገዬ ሙዚቃ አያውቅም። እንጨቱ ግን አሳዘነው። ከተጣለ የአንደኛ ማዕረግ ወንበር እንጨት ፈልጦ አዲስ አንገት ሠራለት። ክሩንም እንደ ባላገሩ በገና ከበግ አንጀት ልግመደው ብሎ ተነሣ።

እዚህ ላይ የጎረቤት ልጅ ፋራህ ገባ። ፋራህ የባቡር ሠራተኛ የሱማሌ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ ከእግሩ የሚፈጥን። ያኔ ጊታር መሞካከር ጀምሮ ነበር።

«አባ ዘገዬ፣ አንጀቱ ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው?» አለ።

«ከክርስቲያኑ ነዋ!»

«ታዲያ እኔ እንዴት አብሬ ልጫወት?»

«ልትበላው ነው እንዴ አንተ?»

«አልበላውም። ግን በጆሮዬ ይገባል» አለ ፋራህ።

ዘገዬ ያን ቀን ተቆጥቶ አባረረው። በማግስቱ ግን ሁለት ክር ከክርስቲያኑ፣ ሁለት ክር ከሙስሊሙ ሥጋ ቤት አድርጎ ገምዶ ጨረሰ። እንዲህ ያለ ኮንትራባስ ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ። አራቱም ክር ተስማምቶ ሲጮህ ዘገዬ ጢሙን እየነካ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለ። ልጁ ተሻለች ታቀፈችው። በቀስት መጫወቱን ያሳያት ስላልነበረ በመዳፏ ትመታው፣ በጣቷ ትጎትተው ጀመር፤ ትራስ እንደምታራግፍ ሴት።

ፋራህ ከጅቡቲ አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱ ላይ አንድ የአሜሪካ ዘፈን አለ። ሴትዮዋ በቀጭን ድምፅ ትጮኻለች፤ ጊታሩ ይሮጣል፤ ኮንትራባሱ እግሩ እሳት ላይ እንዳረፈ ሰው ይዘላል። ሦስቱ ወጣቶች፣ ተሻለች፣ ፋራህና ከበሮ መቺው ዒብራሂም፣ ቴፑን ከበው አፋቸውን ከፈቱ። የዒብራሂም ከበሮ አሮጌ ሻንጣና የዘይት በርሜል ነው። እንደዚያ ለመፍጠን ክረምቱን ሙሉ ለፉ። የተሻለች መዳፍ ተላጠ፤ ፋራህ እንደ ሴትዮዋ ለመጮህ ሲል ድምፁ ተዘጋ። በመጨረሻ ደረሱባት። ፋራህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰማው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ልክ እንደነሱ! አንዲት ፀጉር ሳትጓደል!»

ግጥሙን ግን ለድሬ በሚስማማ ቀየሩት። አያቶች ልጅ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንዳይወርድ የሚያስፈራሩበት ጂኒ አለ አይደል? እሱን ሙሽራ አደረጉት።

«ደቻቱ ሲደርቅ ጂኒ ሠርግ አለው፣
ሚዜው ማነው ብትል ጅቡ ነው፣ ጅቡ ነው!»

ፋራህ ይህን ሲዘፍን ፀጉሩን በስኳር ውሃ ሽቅብ ያቆመዋል። ዝንቦች ከሩቅ እየመጡ ይታደሙለት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቡድኑም በወረቀት የቀበሌ ኪነት ነው። አንድ ካድሬ ልምምዳቸውን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ጂኒ የለም! ሳይንሳዊ አይደለም!»

«ጓድ፣ ይሄ አድኃሪ ጂኒ ነው» አለ ፋራህ ቀጥ ብሎ ቆሞ። «መጨረሻ ላይ በሰፊው ሕዝብ ይሸነፋል።»

ካድሬው አሰበ፣ አሰበና ፈቀደ። ጂኒው ግን በየመድረኩ መሸነፉን እየረሳ ሲጨፍር ያመሻል።

አንድ ቀን ሁርሶ ማሠልጠኛ ላሉ ምልምሎች እንዲዘፍኑ ተላኩ። ኮንትራባሱን በአንሶላ ጠቅልለው ከሕዝብ ጋር የጭነት መኪና ላይ ወጡ። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር።

«ምን ጭናችኋል?» አለ ፈታሹ።

«ኮንትራባስ» አለ ፋራህ።

ፈታሹ ዕድሜውን ሙሉ ኮንትሮባንድ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ በገዛ አፉ የሚያምን ግን አጋጥሞት አያውቅም።

«ደፋር! በል ውረድ!»

አንሶላው ተገፈፈ። ፈታሹ የኮንትራባሱን ሆድ አንኳኳ፤ ባዶ ነው፤ ባዶ ነገር ደግሞ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ይመቻል። ውስጡ ሰልባጅ ልብስ አለ ብሎ መጋዝ ይምጣ አለ። ዒብራሂም ማለ፣ ፋራህ ተማጸነ። መጋዙ መጣ። ያኔ ፋራህ ሻንጣውን በእግሩ ወደ ዒብራሂም ገፍቶ፣ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ እየመታ፣ በዚያ በሴትዮዋ ቀጭን ድምፅ ጮኸ።

«ተሹ ትግባ!»

ተሹ ገባች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን መትታ አታውቅም፤ መጋዝ ፊቱ የቆመበትን ወንድም እንደማትረፍ ያለ ነበር። መንገደኛው ከመኪናው ወረደ። ሴቶች ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። መጋዝ የያዘው ሰው መጋዙን እንደያዘ ትከሻውን ነቀነቀ። ፈታሹ ራሱ መጨረሻ ላይ «ድገሙት፣ አልተጣራም» አለ። ማታ ሁርሶ ላይ ምልምሎቹ ገና ዘፈኑ ሳይጀመር «ተሹ ትግባ!» እያሉ ጮኹ፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ምልምሎቹ ደግሞ ወደየአገሩ ተበተኑ፤ ጩኸቱንም ይዘውት ሄዱ።

ሲያልቅ አያምር። ዒብራሂም ለጦርነት ተወሰደ፣ አልተመለሰም። ፋራህ ጅቡቲ ገባ። ተሻለች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ልጆቿን ሸኘች፣ ጡረታ ወጣች፣ ሁለት ክፍል ለፓርክ ሠራተኞች አከራየች። ኮንትራባሱ መኝታ ቤቷ ጥግ ቆሞ የልብስ መስቀያ ሆነ። ክሮቹን አይጥ በላቸው፤ የክርስቲያን የሙስሊም ሳይል አራቱንም።

እንግዲህ ከሠርጉ ማግስት ተሻለች የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ መጋላ፣ ፋራህ ሰፈር ሄደች። ፋራህ ከጅቡቲ ከተመለሰ ቆይቷል። ስኳር ዐይኑን ወስዶበታል። ሚስቱ ሀዎ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ታስቀምጠዋለች፤ እሱም አላፊ አግዳሚውን በኮቴው እየለየ ይሳደባል።

«ተሹ» አለ ገና ሳትናገር።

ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነው፤ እሷም እስከ ትናንት ድረስ እንደዚያ ይመስላት ነበር። የሰማችውን ነገረችው። ፋራህ ወንበሩን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

«ሕፃናት ናቸው ወይስ ትልልቆች?»

«ሁሉም። ሁሉም ያውቁታል ፋራህ። የፈረንሳይ ቃል ነው ይላሉ።»

«እና… ይግባ ነው ያሉት?»

«ይግባ።»

ፋራህ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲቆም ጉንጩ ርሷል። ከዚያ ቀኝ ጉልበቱን በእጁ ያዘ።

«ተሹ፣ ይቺን እግር ሊቆርጧት ነው። ስኳሩ ወርዶባታል፤ ቀኑም ተቆርጧል። አልፈራሁም፤ ወላሂ አልፈራሁም። ግን ይቺ ናት ምት የምትይዘው። ሁርሶ መንገድ ላይ መሬቱን የመታችው ይቺ ናት። ሳትሄድ አንድ ጊዜ ትምታበት። ያን ዘፈን፣ ልክ እንደነሱ አድርገን፣ አንዲት ፀጉር ሳትጓደል። ታመጪልኛለሽ?»

«አመጣልሃለሁ» አለች።

ቤት ገብታ ልብሶቿን ከኮንትራባሱ ላይ አወረደች። ሀዊን ጠርታ «ተሹ እኔ ነኝ» አለቻት። ሀዊ መጀመሪያ ሙቀቱ መስሏት ውሃ አቀረበችላት። ተሻለች ግን ያን የቆዳ ያህል የደረቀ እንጨት ታቅፋ በባዶ ሆዱ ላይ በመዳፏ መታች፤ ተካ-ተክ፣ ተካ-ተክ። ሀዊ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እማማ» አለች፤ «እማማ፣ አንቺ ነሽ?»

ክሩን የሚገምደው ዘገዬ የለም፤ ተሻለች ግን ሲገምድ አይታለች። ሀዊ ሁለቱንም ሥጋ ቤት ዞራ አንጀት አመጣች። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሰውዬ «ምን ልትሠሪበት ነው?» ሲላት «ጂኒ ልድርበት» ብላው መጣች። ተሻለች አራቱንም ክር ገምዳ ወጠረች። የሠርጉ ልጆች፣ ኪቦርዱና ጀሪካኖቹ፣ ግቢውን ሞሉት። ተሻለችን እንደ ታቦት ፈንጠር ብለው ነበር የሚያዩዋት።

በዚያው ሰሞን ሀዊ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር አሳየቻት። የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከጃፓን። ፀጉራቸውን ሽቅብ አቁመዋል። ኮንትራባስ ታቅፈው በመዳፋቸው ይመቱታል። የሚዘፍኑት ስለ ሙታንና ስለ ጭራቅ ነው አለቻት ሀዊ።

«ሳይኮቢሊ ይሉታል እማማ። ፓንክ የሚሉት የጩኸት ሙዚቃ የገባበት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንጃ፣ ያበደ ባላገር እንደማለት ነው።»

ተሻለች ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ያ ጃፓናዊ ክሩን ሲጎትት አውራ ጣቱ የሚታጠፈው እንደ እሷ ነው። ፀጉሩ የፋራህ ፀጉር ነው፤ ዝንቦቹ ብቻ የሉም። ከባሕር ማዶ ያለ፣ የማያውቃት ሰው እሷ መኝታ ቤት ውስጥ ልብስ የሰቀለችበትን ነገር ዓለም ፊት ይጫወተዋል።

«ማን ነገራቸው?» አለች።

ተሻለች ያን ምሽት እስክትተኛ ድረስ «ማን ነገራቸው?» እያለች ለራሷ ስትደግም አመሸች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አንዳንዴም ባይጠራ ይሻል ነበር። ሀዊ ቸር አስባ ዋናውን የአሜሪካ ዘፈን ልታገኝላቸው ፈለገች። ስልክ ላይ ሲያዜሙለት ዘፈኑን የሚያወጣ ነገር አለ። ተሻለች ዜማውን ብታዜም ስልኩ እንቢ አለ። ሀዊ በዝግታ አዜመችው። ያኔ ወጣ።

ተሻለች ሰማች። አንድ ወንድ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ ይዘፍናል። ጊታሩ ይንገዋለላል። ኮንትራባሱ አንድ ይልና አርፎ ሌላውን ያስባል። ዜማው ግን ያው ነው፤ ምንም ጥርጥር የለውም።

«ሴትዮዋስ?» አለች።

«ሴት የለችም እማማ። እሱ ብቻ ነው።»

ተሻለች ያኔ ገባት። የፋራህ ቴፕ ካሴት የሚያዞረው ላስቲክ ተበጥሶ ነበር፤ ፋራህ ከሳይክል የውስጥ ጎማ ወፍራም ላስቲክ ቆርጦ አስገባበት። ወፍራሙ ላስቲክ ቴፑን አስሮጠው። ወንዱን ሴት፣ እሹሩሩውን እብደት ያደረገው ቴፑ ነው። መዳፋቸው የተላጠው፣ የፋራህ ድምፅ የተዘጋው፣ ሁርሶ ያበደው፣ በአንድ ቁራጭ ጎማ ስህተት ነው። የሕይወቷ ብቸኛ ተአምር የተበላሸ ቴፕ ሆነባት።

ልብሶቿን መልሳ ኮንትራባሱ ላይ ሰቀለች። ሀዊ «ምን ችግር አለው? እንዲያውም ያምራል!» ብላ ብትለምናት አልሰማ አለች። አንድ ሰው እግሩን ሊያጣ ሲል «ልክ እንደነሱ» ብላ እንዴት ትዋሸው? እውነቱንስ እንዴት ትንገረው? ዐይኑ ሄዷል፣ እግሩ ሊሄድ ነው፤ የቀረችው ያቺ ኩራቱ ናት። ብትሄድ ልትነጥቀው ነው፤ ብትቀር ቃሏን ልትበላ ነው። ቀረች።

በሐኪሙ ቀጠሮ ዋዜማ ሀዎ ራሷ መጣች። ሻሿ በላብ ርሷል፤ በእግሯ ነው የመጣችው።

«ተሻለች፣ ምን በደልንሽ? ነገ ሐኪም ቤት ይገባል። ከጧት ጀምሮ ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሶ ወንበሩ ላይ ነው። ፀጉሬን በስኳር ውሃ አቁሚልኝ አለኝ። ስኳር ይዞት እየገደለው በስኳር! አቆምኩለት። ምን ላድርግ?»

ተሻለች ነጠላዋን አንሥታ፣ የሀዊን ስልክ ተቀብላ፣ ከሀዎ ጋር ወጣች። ኮንትራባሱን አልያዘችም።

ፋራህ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ቆሟል፤ ነጭ ሆኗል እንጂ ያው ነው። ኮቴዋን ሰምቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ባዶ እጅሽን ነሽ» አለ።

«ፋራህ፣ አንድ ነገር ላሰማህ ነው። ከሰማኸው በኋላ ብትጠላኝም ጥላኝ።» ድምፅዋ እንዳይሰበር ፈጠን ብላ ተናገረች። «ያ ዘፈን እኛ እንደምናውቀው አይደለም። ቴፕህ ነው ያሮጠው። ያ ወፍራም ላስቲክ ነው። ዋናው ይሄ ነው።»

ስልኩን ጆሮው አጠገብ ያዘችለት። ወፍራሙ ድምፅ በቀስታ ጀመረ። ፋራህ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያደምጣል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሀዎ በሩን ይዛ ቆማለች። ዘፈኑ እየተጎተተ፣ እያረፈ፣ እየተጎተተ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ፋራህ ራሱን ነቀነቀ፤ ከልቡ ያዘነ ይመስላል።

«ምስኪኖች!» አለ። «ድንጋይ አልቆባቸዋል።»

«ምን?»

«የባትሪ ድንጋዩ ነዋ ተሹ! ቴፕ ድንጋይ ሲጨርስ እንዲህ አይደል የሚያደርገው? ሴትዮዋ እንዲህ ወንድ እስክትሆን ድረስ! ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሰሙት ኖረው ይሆን?» እጁን ዘርግቶ የእሷን ክንድ ፈልጎ ያዘ። «አዲስ ድንጋይ የሚያስገባላቸው ሰው አጥተው ነው። ትክክለኛው ያለው እኛ ጋ ነው፤ ወላሂ።»

ተሻለች መጀመሪያ የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። አምኖበት ይሁን ሊያጽናናት እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ጠይቃውም አታውቅም። ያ ጃፓናዊ፣ ያ እንግሊዛዊ፣ ጀሪካን የሚመቱት ልጆች፣ ሁሉም ከእነሱ ጋር ናቸው፤ ድንጋይ ያለቀበት ያ አንዱ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሰፈሩ መጨረሻ ላይ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። ሀዊ አልሰማ ያለች ልጅ ናት። ልብሶቹን አውርዳ፣ ኮንትራባሱን ባጃጅ ላይ ጭና፣ አንገቱ በጎን ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ እያስጎነበሰ መጣች። ልጆቹ በሌላ ባጃጅ ጀሪካናቸውን ይዘው ተከትለዋል። ጎረቤት በየበሩ ወጣ። ፀሐይዋ በርዳ ነበር፤ ድሬ ከጫት ምርቃናዋ ተነሥታ ንፋስ የምትፈልግበት ሰዓት ነው።

ተሻለች ኮንትራባሱን አቀፈችው። ጉልበቷ ያማታል፤ ጣቶቿ ወፍረዋል። ልጆቹ ፋራህን ከበው ቆሙ። አንዱ ለምዶት አፉን ከፍቶ፣ «ተሹ ይግ—» ከማለቱ፣

«ወሪያ፣ አንተ!» አለ ፋራህ። የማያይ ዐይኑን ወደ ልጁ አነሣ። «ትግባ በል! ሴት ናት!»

ልጁ ደነገጠ። ተሻለችን አየ፣ ጓደኞቹን አየ። ከዚያ ልጆቹም፣ ሀዊም፣ ሀዎም፣ በየበሩ የቆመው ጎረቤትም በአንድ ድምፅ ጮኹ።

«ተሹ ትግባ!»

ተሹ ገባች። አራቱም አንጀት አብሮ ጮኸ። መዳፏ የድሮውን መንገድ አልረሳም፤ እንዲያውም ከድሮው የፈጠነ መሰላት። ፋራህ በቀጭኑ፣ በዚያ በሴትዮዋ ድምፅ፣ ጂኒውን ዳረ፣ ጅቡን ሚዜ አደረገ። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጧል። እሷ ግን ፊቱን አላየችም። ከጀመረች እስክትጨርስ ድረስ ያየችው መሬቱን ነው፤ የፋራህ ቀኝ እግር ጫማውን አውልቆ፣ አንዲት ሳይስት፣ መሬቱን ይመታል።